አሮጌ የአፈር ግድብ እንዴት ይፈተሻል? ከጅማ ለጀማሪዎች

የአፈር ግድብ የሚፈተሸው በእግር ነው። ድሮን አለ፣ የሳተላይት ምስል አለ፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሞዴል አለ። ሁሉም ይጠቅማል። ግን ግርጌው ላይ ጫማችሁ ያለወትሮው ሰመጥ ሲል የምታውቁትን ነገር ከላይ ሆኖ የሚያይላችሁ የለም።

እኔ ከግድብ ክትትል ሥራ ጡረታ የወጣሁ የጅማ ሰው ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ በውሃ ምህንድስና ተመርቃ፣ ራቅ ያለ ቦታ አንድ አሮጌ የአፈር ግድብ ላይ ሥራ አገኘች። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን ልይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእሷ የነገርኳትን ነው እዚህ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው።

እዚህ ከተማ ግድብ ሲባል ሁሉም ሰው ግልገል ጊቤን ያነሳል። አንደኛው ግልገል ጊቤ 40 ሜትር ከፍታና 1,700 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ሙሌት ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው፤ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። ርእሴ እሱ አይደለም። በግድብ ዕድሜ ገና ወጣት ነው። እኔ የማወራው 60 ወይም 100 ዓመት ስለሞላው፣ ሠሪዎቹ በሕይወት ስለሌሉ፣ ፕላኑ ጠፍቶ ወይም ምስጥ በልቶት ስለቀረ የአፈር ግድብ ነው። እንዲህ ያለው ግድብ መብራት ሲያመነጭ ሁሉም የሚያየው ተርባይኑን ነው። አፈሩን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

የአፈር ግድብ በሦስት መንገድ ይሄዳል፣ ማለትም ይፈርሳል። በአናቱ፣ በሆዱ ወይም በጎኑ። በአናቱ ማለት ጎርፍ መጥቶ ውሃው ከላይ ሲፈስበት ነው። በሆዱ ማለት ሰርጎ የሚወጣው ውሃ አፈሩን ቀስ እያለ ይዞት ሲወጣ ነው። በጎኑ ማለት ተዳፋቱ ሲንሸራተት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥም አለ፤ እሱም ቢሆን ግድቡን የሚጥለው ከሦስቱ በአንዱ በኩል ነው። ስትዞሩ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሦስቱ የትኛውን እየፈለጋችሁ እንደሆነ እወቁ። ዝም ብሎ መዞር ሽርሽር ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ፋይሉን ክፈቱ። ግድቡን ምን ዓይነት መሬት ላይ ምን ሞልተው እንደሠሩት ፈልጉ። አፈሩ በሮለር ተጠቅጥቋል ወይስ ከጋሪ እየተደፋ ብቻ ነው የተከመረው? መሀሉ ላይ የሸክላ ኮር፣ ማለትም ውሃ የሚያግድ የሸክላ አፈር እምብርት፣ አለው? የውሃው ቱቦ በአፈሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው ወይስ በአለቱ? ቱቦው በአፈር ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ዙሪያው ቀዳሚ ተጠርጣሪያችሁ ነው። በቱቦ ዙሪያ አፈርን አጥብቆ መጠቅጠቅ ያስቸግራል፤ ውሃ ደግሞ ላላ ያለውን ቦታ አያጣውም።

ፋይል ከሌለ ሽማግሌ አለ። ግድቡ ሲሠራ አፈር የተሸከሙ ሰዎች ወይም ልጆቻቸው በአቅራቢያው ይኖራሉ። «ወንዙ ድሮ በየት በኩል ነበር የሚሄደው?» ብላችሁ ጠይቁ። «መጨረሻ ላይ የሞላችሁት የቱን ጋ ነው? ክረምት ደርሶባችሁ ነበር?» የድሮው ወንዝ መሄጃ የግድቡ ከፍታ ከሁሉም የሚበልጥበት ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተጣድፈው የዘጉት እሱን ነው። የፎቶ አልበም ያለው ቢሮ ካጋጠማችሁ ደግሞ ከነአቧራው ተቀበሉ። አንድ የግንባታ ፎቶ ከብዙ ገጽ ሪፖርት የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

የምትይዙት ብዙ አይደለም። ሜትር፣ ችካል፣ ገጀራ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጥቂት ንጹሕ ሃይላንድ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ የጅማ ዓይነት ዝናብ ሲመጣ ቀለሙ ይሄዳል። ብቻችሁን አትሂዱ።

ጊዜውን መምረጥ

በእኛ አካባቢ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሐይቁ የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ግድቡ ከባዱን ሸክም ተሸክሟል። ዋናውን ዙር ያን ጊዜ አድርጉ። ሣሩን ግን አስቀድማችሁ አሳጭዱ። መስከረም ላይ ጉልበት የሚደርስ ሣር ውስጥ ምንም አይታይም።

ሁለተኛው ጥሩ ጊዜ በጋው ነው፤ ጥርና የካቲት። ጅማ ዙሪያ ክረምቱን ሁሉም አረንጓዴ ስለሆነ እርጥብና ደረቅ ቦታ አይለይም። በጋ ላይ ግን ተዳፋቱ ሲደርቅ አንድ ቦታ ብቻ ለምልሞ ከቀረ እዚያ ውሃ አለ። ቄጠማ ከበቀለበት ደግሞ ጨርሶ አትጠራጠሩ። እረኞቹን ጠይቁ፤ ከብቶቹ በበጋ ለምለም ፍለጋ የሚሄዱት የት እንደሆነ ከእናንተ በፊት ያውቃሉ። ሦስተኛው ጊዜ ሐይቁ ሲጎድል ነው፤ በውሃ ተሸፍኖ የከረመው የላይኛው፣ በሐይቁ በኩል ያለው፣ ተዳፋት ያን ጊዜ ይገለጣል።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ጥላው ረጅም ስለሚሆን ትንሽ እብጠትና ትንሽ ስርጉድ ይታያል። ሌላም ምክንያት አለ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ከዘነበ በኋላ ቀዩ አፈር ታጥቦ ቦዩ ሁሉ ይደፈርሳል፤ የግድቡን ውሃ ከሰማዩ ውሃ መለየት አትችሉም።

ዙሩ

እኔ ከግርጌ ነው የምጀምረው። ብዙ ሰው መኪናውን አናቱ ላይ አቁሞ ከላይ ይጀምራል፤ ግርጌ ሲደርስ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ «ደህና ነው» ብሎ ይመለሳል። ወሳኙ ነገር ያለው ግን እታች ነው። ከግርጌ ተነሥታችሁ በዚግዛግ ውጡ። አንዱን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ ሳታዩ አትለፉ።

የታችኛው ተዳፋት፣ ማለትም ከሐይቁ ተቃራኒ ያለው ጎን፣ ላይ የምትፈልጉት እብጠት፣ ስንጥቅ፣ ጉድጓድና እርጥበት ነው። ከላይ ተቆርጦ ወረድ ያለ አፈር፣ ከታች ደግሞ ያበጠ አፈር አንድ ላይ ካያችሁ ጎኑ መንሸራተት ጀምሯል። ይህ ለነገ አይባልም፤ እዚያው ቆማችሁ ደውሉ።

ጉድጓድ ስታገኙ የማን እንደሆነ ለዩ። ፍልፈል አፈር ይቆልላል። ጃርት ሰፋ ያለ ዋሻ ይቆፍራል። አዋልዲጌሳ ደግሞ ምስጥ ፍለጋ መጥቶ ሰው የሚያስገባ ጉድጓድ ይተዋል። እንስሳው አሁንም የሚኖርበት መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ አፉ ላይ አመድ ነስንሱና በማግሥቱ ኮቴውን እዩ። ኩይሳን በዶማ ንዶ መሄድ ሥራ አይደለም፤ የምስጡ መንገድ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ቦታውን በችካል ምልክት አድርጉ፣ ጻፉ፣ አቆፋፈሩንና አሞላሉን መሐንዲሱ ይወስን።

ባህር ዛፍን በተመለከተ ደግሞ፣ ችግኙ ሳይጠነክር በእጅ ይነቀላል። አንዴ ካደገ ግን ዝም ብላችሁ አትቁረጡት። ግንዱ ሲቆረጥ ሥሩ በውስጥ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ሥር ቦታ ለውሃው መንገድ ይሆናል። «ለአፈሩ ጥበቃ» ብሎ ግድብ ላይ ዛፍ የሚተክል ቅን ሰው አይጠፋም። በትሕትና አስቁሙት።

አናቱ ላይ ስትደርሱ አንድ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ጠርዙን በዓይን ተከተሉት። ቀጥ ያለ መሆን የነበረበት መስመር ከጎበጠ ወይም ከረገበ አፈሩ ተንቀሳቅሷል። ዝናብ ካባራ በኋላ የሚቋጥር ኩሬ ደግሞ ዝቅ ያለውን ቦታ በነጻ ያሳያችኋል፤ ጎርፍ ቢመጣ ውሃው መጀመሪያ የሚሻገረው እዚያ ጋ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። መረሬ አፈር በበጋ መሰነጣጠቁ ያለ ነው። በግድቡ ርዝመት የሚሄድ ስንጥቅ የመንሸራተት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ከሐይቁ ወደ ታች፣ ግድቡን አቋርጦ የሚሄደው ግን ለውሃው የተከፈተ በር ነው፤ ከሁሉም በላይ እሱን ፍሩ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ትከሉ፣ በመሀላቸው ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጻፉ፣ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ጥልቀቱን ሞክሩ፣ ዝናብ እንዳይገባበት በላስቲክ ሸፍኑት።

በሐይቁ በኩል የተደረደረው ድንጋይ ቦታውን ለቆ ከሆነ ማዕበሉ አፈሩን እየበላው ነው። ይህ በቀጠሮ ሊሠራ ይችላል። ከግድቡ አጠገብ ውሃው ላይ አዙሪት ካያችሁ ግን ቀጠሮ የለም። ሩጡና አሳውቁ።

ግራና ቀኝ ትከሻውን፣ ማለትም ግድቡ ከኮረብታው ጋር የሚገናኝበትን፣ ለብቻው ተመላለሱበት።

ውሃው ምን ይዞ ይወጣል?

የማያፈስ የአፈር ግድብ የለም። ጥያቄው ምን ያህል፣ ከየት፣ ምን ይዞ የሚለው ነው። ጥሩ ግድብ ውስጡ በመጠን የተመረጠ አሸዋና ጠጠር ፊልተር አለው። ሥራው የጀበና አፍ ላይ ከምናደርገው ማጥለያ ጋር አንድ ነው፤ ቡናው ይወርዳል፣ አተላው ይቀራል። አሮጌ ግድቦች ብዙዎቹ ይህ ፊልተር የላቸውም። ስለዚህ ማጥለያው የእናንተ ዓይን ነው።

የሚወጣውን ውሃ በሃይላንድ ቅዱ። ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ጥላ ውስጥ አስቀምጡና በማግሥቱ ታቹን እዩ። ጥርት ያለ ነው፣ ዝቃጭ የለም? መዝግቡ። ስስ አሸዋ ወይም ጭቃ ተቀምጦበታል? ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ለመሐንዲሱ ንገሩ። ጠርሙሶቹን መደርደሪያ ላይ በተርታ አስቀምጧቸው። አለቃ ሲመጣ ከሠንጠረዥ ይልቅ ጠርሙሶቹን ነው የሚያየው።

ቦዩ ውስጥ ብርቱካንማ ዝልግልግ ነገር ስታዩ አትደንግጡ። በጣታችሁ አሹት። የሚያሟልጭ ከሆነ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች የሠሩት ዝገት ነው። የሚሻክር ከሆነ አፈር ነው። ዝገቱም ቢሆን ይጻፍ፤ የውሃ መውጫ ቱቦዎችን ይደፍናል።

መጠኑን ለማወቅ ቦዩ ላይ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ የተቆረጠለት የብረት ሳህን ይተከላል። ከቪው ጫፍ በላይ ያለውን የውሃ ከፍታ ከሳህኑ ወደ ኋላ ራቅ ብላችሁ ለኩ፤ ሳህኑ ላይ ውሃው ዝቅ ስለሚል ያታልላችኋል። ከፍታው 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ይፈሳል። 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን 4.4 ሊትር ገደማ። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው «አንድ ሴንቲ ምን አላት» የሚል ሰው ደብተሩን መያዝ የሌለበት። ሳህን ከሌለ ባልዲና የስልክ ሰዓት ይበቃል።

ቁጥሩን ብቻውን አትጻፉ። የዚያን ቀን የሐይቁን ከፍታና የዝናቡን መጠን አብራችሁ ጻፉ። ሐይቁ ሲሞላ ስርገቱ ቢጨምር ተፈጥሮው ነው። የዘንድሮው ሐይቅ ከአምናው እኩል ሆኖ ስርገቱ ከጨመረ ግን ምክንያት አለው። በድንገት ከቀነሰም አትደሰቱ፤ ውሃው መውጫው ተደፍኖበት ሌላ መንገድ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ፒዞሜትር፣ ማለትም በአፈሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት የሚለካ መሣሪያ፣ ካለ እሱንም በዚያው ቀን አንብቡ። አነባበቡን ከመመሪያው ታገኙታላችሁ።

ግርጌው ላይ ውሃ እንደ ምንጭ እየፈላ አሸዋ ሲቆልል ካያችሁ በጭቃ አትድፈኑት። ከደፈናችሁት በሌላ ቦታ ይፈነዳል። መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ድንጋይ እየደረባችሁ ጫኑበት፤ ውሃው ይውጣ፣ አፈሩ ይቅር። ይህን ቁሳቁስ ከግድቡ አጠገብ አስቀድማችሁ ከምሩ። ምሽት ላይ የአሸዋ መኪና አይገኝም።

የሚኖራችሁ ጊዜ ትንሽ ነው። አሜሪካ ኢዳሆ ውስጥ 93 ሜትር ከፍታ የነበረው የቴተን የአፈር ግድብ ሰኔ 5 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ድፍርስ ውሃ ሲያወጣ ታየ። ቡልዶዘሮች ቀዳዳውን ሊሞሉ ገቡ፤ ቀዳዳው ዋጣቸው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ግድቡ ተነደለ። 11 ሰዎች ሞቱ። ያ ደግሞ አሮጌ ግድብ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ እየተሞላ ነበር።

የትርፍ ውሃ በሮች

በሮቹን ክረምት ሳይገባ በእውነት ክፈቱና ዝጉ። «ይሠራል» የሚል ፊርማ በር አይከፍትም። መብራት ቢጠፋ የሚያነሳቸው ጄኔሬተር ነዳጅ አለው? የግድብ ጣቢያ መብራት አይጠፋበትም የሚል ሰው ግድብ ላይ አድሮ አያውቅም። የትርፍ ውሃው መውረጃ ኮንክሪት ከሆነ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ሥሩ ተቦርቡሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ካሊፎርኒያ የኦሮቪል ግድብ መውረጃ ሲሰበር 188,000 ሰው ገደማ ከቤቱ እንዲወጣ ታዟል። ባለ 235 ሜትሩ የአፈር ግድብ ራሱ ምንም አልሆነም ነበር።

ደብተሩን ማን ያነበዋል?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ከቀረ ከንቱ ነው። የሠራሁበት አንድ ቦታ የስርገት ቅጹ በየወሩ እየተሞላ ይላክ ነበር። ለወራት ያው ቁጥር። ሐይቁ ወጥቷል፣ ወርዷል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቢሮ ተቀምጦ የሚሞላ ቅጽ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱም የተቀበለው ክፍል የሚቆጥረው ቅጹ መድረሱን ብቻ ነበር።

የቁጥጥር ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የምጠቅሰው አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የነበረውን የኤደንቪል ግድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ፣ 4.8 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የአፈር ግድብ ነበር። የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ለዓመታት ከባለቤቱ ጋር የተጨቃጨቀው በአንድ ነገር ነው፤ «የትርፍ ውሃ መውጫህ ለትልቅ ጎርፍ አይበቃም፣ አስፋው»። ባለቤቱ ገንዘብ የለኝም እያለ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱ ተነጠቀ። ፈቃዱ ሲነጠቅ ኃይል ማመንጨቱ ቆመ፣ ቁጥጥሩም ወደ ግዛቱ ተላለፈ። የግዛቱ ሕግ ደግሞ የሚጠይቀው የጎርፍ አቅም የፌዴራሉን ግማሽ ያህል ነበር። ግድቡ ያው ግድብ ነው፤ አንዱ ወረቀት ላይ ወድቆ ሌላው ላይ ሊያልፍ ይችል ነበር።

ግንቦት 19 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ዘንቦ ሐይቁ ከዚያ በፊት ደርሶ የማያውቀው ከፍታ ላይ ደረሰ። ግድቡ ሲሄድ ግን በአናቱ አልሄደም። ውሃው አናቱን ሳያልፍ የታችኛው ተዳፋት በሰከንዶች ውስጥ ተንሸራተተ። እ.ኤ.አ. በ2022 ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን ባወጣው ሪፖርት መሠረት ጉዳዩ ግንባታው ላይ ነበር፤ በደንብ ያልተጠቀጠቀ ልል አሸዋ በውሃ ሲሞላ ጥንካሬው በአንዴ ጠፍቶ እንደ ፈሳሽ ሆነ። ተዳፋቱም ፕላኑ ላይ ከተጻፈው ይልቅ ቁልቁል የሆነባቸው ቦታዎች ነበሩ። ከታች ያለው የሳንፎርድ ግድብም ተከትሎ ሄደ። 10,000 ገደማ ሰው አስቀድሞ ስለወጣ ሕይወት አልጠፋም።

ጭቅጭቁ ሁሉ አናቱ ላይ ነበር፤ የሄደው ጎኑ ነው። እያንዳንዱ አሮጌ ግድብ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ «የታወቀ ችግር» አለው። ሁሉም ስብሰባ ስለእሱ ነው፣ ሁሉም ደብዳቤ ስለእሱ ነው። ስለዚህ በዓመት አንዴ ያንን ችግር ወደ ጎን አስቀምጡና የግድቡን ሰዎች ሁሉ፣ ዘበኛውንም ጨምራችሁ፣ ሰብስባችሁ «ይህ ግድብ በሌላ በምን ሊሄድ ይችላል?» ብላችሁ ተጠያየቁ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከዚያ በኋላ ደንባቸውን አሻሽለዋል። ድሮ በየ5 ዓመቱ ገለልተኛ መሐንዲስ ይመጣ ነበር። አሁን በየ10 ዓመቱ ከግንባታ ታሪኩ ጀምሮ የሚመረምር ጥልቅ ግምገማ አለ፤ በመሀሉ ደግሞ ተራው ፍተሻ።

ሪፖርት ስትጽፉ ያያችሁትን ብቻ ሳይሆን ያላያችሁትንም ጻፉ። «የግራ ትከሻው በሣር ስለተሸፈነ አልታየም» የሚል መስመር ከ«በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ይልቃል። ፎቶውን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ አንሡ፣ የአምናው ከዘንድሮው እንዲወዳደር። አሳሳቢ ነገር ካለ መጨረሻው ላይ ቀን ያለው ጥያቄ አስቀምጡ፤ «እስከ ጥቅምት 15 በጽሑፍ መልስ ይሰጠኝ»። መልስ ሳይመጣ ቀኑ ካለፈ ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ግልባጭ ለባለቤቱም ለተቆጣጣሪውም። ነገረኛ ትባላላችሁ። ይሁን።

ስልክ

የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የሚባል ሰነድ ይኖራችኋል። ብዙ ገጽ ነው። ዋናው ገጽ ግን የስልክ ዝርዝሩ ነው። በየሰኔው መጀመሪያ ቁጥሮቹን ሁሉ ራሳችሁ ደውሉባቸው። የቀበሌ ሊቀመንበሩ ተቀይሯል፣ ፖሊስ አዛዡ ተዛውሯል፣ አንዱ ሲም ካርዱን ጥሏል። ኔትወርክ በሌለበት ሌሊት ማን በሞተር ሳይክል እንደሚሄድ በስም ይታወቅ። የታችኛው መንደር መስጊድ ድምፅ ማጉያ አለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለው። ኢማሙንና ቄሱን ሄዳችሁ አነጋግሯቸው፣ ሲደወል ሕዝቡ ወደ የትኛው ኮረብታ እንደሚወጣ ከእነሱ ጋር ተስማሙ፣ ቁጥራቸውንም ዝርዝሩ ላይ ከፖሊሱ በላይ ጻፉት።